የሕክምና ስሕተት ጉዳት ያደረሰበት ሰው ምን ዓይነት ካሣ ሊያገኝ ይችላል? የሱዳን እና የኢትዮጵያ ሕጎች ምን ይላሉ?

በሱዳን ሕግ በሌላ ሰው ቸልተኝነት ሕይወቱን ያጣ ሰው ቤተሰብ የሚከፈለው የደም ካሣ መነሻ ልኬት ግመል ነው፤ መቶ ግመል ወይም የመቶ ግመል ዋጋ። ድንበሩን ተሻግሮ በኢትዮጵያ ደግሞ ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1 ሺህ ብር እንዳይበልጥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይደነግጋል።

ሁለቱ ሕጎች ጎረቤታሞች ቢሆኑም የተቀዱበት ምንጭ ይለያያል። የሱዳኑ በእስልምና ሕግ ላይ የቆመ ነው። የኢትዮጵያው የአውሮፓን የሕግ ትውፊት የተከተለ ነው። በካርቱም ለሚኖሩ፣ ከካርቱም ተሰደው ወደ አገራቸው ለተመለሱ እና ጦርነቱ ጋብ ሲል ዳግም ወደዚያች ከተማ ለሚያቀኑ ኢትዮጵያውያን ልዩነቱን ማወቅ ጠቃሚ ነው።

ካርቱም ለረጅም ዓመታት የበርካታ ኢትዮጵያውያን እና ኤርትራውያን መኖሪያ ሆና ቆይታለች። በቤት ሠራተኝነት፣ በሻይ ንግድ እና በምግብ ቤቶች ተቀጥረው የሚያድሩ ብዙዎች ናቸው። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲታመም ወደ ቅርብ ክሊኒክ ይሄዳል፣ ከኪሱ ይከፍላል፣ የተሰጠውን ወረቀትም ሳያነብ ይፈርማል። ሕክምናው ጉዳት ካደረሰበት ደግሞ መክሰስ እንደሚችል እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ጥፋት ወይስ ያልተሳካ ሕክምና?

ካሣ ለመጠየቅ ሕክምናው አለመሳካቱ ብቻውን በቂ አይደለም። በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ ሦስት ነገሮች መረጋገጥ አለባቸው፤ አንደኛ ባለሙያው የሙያውን ደንብ መጣሱ፣ ሁለተኛ በታካሚው ላይ ጉዳት መድረሱ፣ ሦስተኛ ጉዳቱ የመጣው በዚያው ጥፋት ምክንያት መሆኑ።

በቀዶ ሕክምና ወቅት ሊያጋጥም የሚችል እና አስቀድሞ የታወቀ አደጋ ሲደርስ፣ ሐኪሙ ማድረግ የሚገባውን ሁሉ አድርጎ ከሆነ ተጠያቂ አይሆንም። በአንጻሩ ሆድ ውስጥ ፋሻ ረስቶ መስፋት፣ የታካሚውን አለርጂ ሳይጠይቁ መድኃኒት መስጠት ወይም የሌላ ታካሚን ደም መለገስ በማንኛውም የሙያ መለኪያ ጥፋት ነው።

የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሙያውን ሳያውቅ ያከመ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ሙያውን የሚያውቅ፣ በታካሚው ፈቃድ የሠራ እና ከሙያው ወሰን ያልወጣ ሐኪም ግን ሕክምናው ላስከተለው ያልታሰበ ውጤት አይጠየቅም።

ዲያ፦ የደም ካሣ

በሱዳን ቀዳሚው የካሣ ዓይነት በአረብኛ ‘ዲያ’ የሚባለው የደም ካሣ ነው። በአውሮፓውያኑ 1991 የወጣው የአገሪቱ የወንጀል ሕግ ዲያን መቶ ግመል ወይም ተመጣጣኝ ገንዘብ ሲል ይተረጉመዋል። የገንዘቡን መጠን የሚወስነው የአገሪቱ ዋና ዳኛ ሲሆን፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አካላት አማክሮ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይከልሰዋል።

ሕጉ የሰው ሕይወት የሚጠፋበትን ሁኔታ በሦስት ይከፍላል፤ ሆነ ተብሎ የተፈጸመ፣ ወደ ሆን ተብሎ የቀረበ እና በስሕተት የደረሰ። በቸልተኝነት ወይም በጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ ሞት የሚመደበው በሦስተኛው ሥር ነው። የሕክምና ስሕተት ያስከተለው ሞትም በአብዛኛው በዚህ ይታያል። ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ እስራት ሊሆን ይችላል፤ የቤተሰቡ የዲያ መብትም እንደተጠበቀ ይቆያል።

ለቤተሰብ ትልቅ ትርጉም ያለው ጥያቄ ከፋዩ ማን ነው የሚለው ነው። በስሕተት ለደረሰ ሞት ዲያው በሐኪሙ ላይ ብቻ አይወድቅም፤ ‘ዓቂላ’ የሚባሉት ወገኖችም ይጋሩታል። በጥንቱ ልማድ ዓቂላ ማለት የአጥፊው የአባት ወገን ዘመዶች ነበሩ። የ1991 ሕግ ግን ትርጉሙን አስፍቶ የመድን ድርጅትን፣ ጥፋቱ በሥራ ላይ የተፈጸመ ከሆነም ቀጣሪውን አካቷል። ሐኪሙ ለመክፈል አቅም ቢያጥረው እንኳ ቤተሰቡ ጥያቄውን ለቀጠረው ሆስፒታል ወይም ለመድን ሰጪው ማቅረብ የሚችልበት በር የተከፈተው በዚህ ነው።

አርሽ፦ ለአካል ጉዳት የሚከፈል ካሣ

ታካሚው በሕይወት ቢተርፍም ዓይኑን፣ እጁን ወይም ሌላ የአካል ክፍሉን ያጣ እንደሆነ የሚከፈለው ከሙሉ ዲያ ላይ የሚሰላ ድርሻ ነው። ይህ በእስልምና ሕግ ‘አርሽ’ ይባላል። የሱዳን የወንጀል ሕግም ለተለያዩ ጉዳቶች የሚከፈለውን ድርሻ በሠንጠረዥ አስቀምጧል።

በሊቃውንቱ ትምህርት መሠረት ሰው በተፈጥሮ አንድ ብቻ ያለው አካል ቢጠፋበት ሙሉ ዲያ ይገባዋል። ጥንድ ከሆኑት አንዱ፣ ለምሳሌ አንድ ዓይን፣ ቢጠፋ ግማሽ፤ ለአንድ ጣት ደግሞ አንድ አሥረኛ ይከፈላል።

የዚህ አሠራር ጥቅም ተጎጂው የገቢውን መጠን ማስረዳት የማይጠበቅበት መሆኑ ነው። ሻይ በመሸጥ የምትተዳደር ሴት ደመወዟን የሚያሳይ ወረቀት ስለሌላት ብቻ ካሣው አይቀርባትም። ደካማ ጎኑ ደግሞ ሠንጠረዡ የጠፋውን አካል እንጂ የተበላሸውን ኑሮ አለመመዘኑ ነው። ጣት ማጣት ለልብስ ሰፊ እና ለጥበቃ ሠራተኛ እኩል ጉዳት አይደለም።

የፍትሐ ብሔር ካሣ

ይህን ክፍተት የሚሞላው በ1984 የወጣው የሱዳን የፍትሐ ብሔር ግንኙነቶች ሕግ ነው። በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ የመካስ ግዴታ አለበት የሚለው የዚህ ሕግ መሠረታዊ መርሕ ሐኪምንም ሆስፒታልንም ይመለከታል።

በዚህ መንገድ የሚጠየቀው ካሣ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የቁሳዊ ጉዳት ካሣ ነው። ለዳግም ሕክምና፣ ለመድኃኒት እና ለአስታማሚ የወጣ ወጪ እንዲሁም ተጎጂው መሥራት ባለመቻሉ የቀረበት ገቢ እዚህ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ በማስረጃ መደገፍ ስላለበት ደረሰኝ እና የሥራ ውል ዋጋ የሚያገኙት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው የሕሊና ጉዳት ካሣ ነው፤ ሥቃይ፣ ሐዘን እና በመልክ ላይ የቀረ ጠባሳ የሚያሳድረው የመንፈስ ጉዳት ይካሳል። መጠኑን የሚወስነው ዳኛው ነው።

ተጎጂው ለካሣው ብቻ የተለየ ክስ መመሥረት ላያስፈልገው ይችላል። የወንጀል ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን ጥፋተኛ ካለ በኋላ፣ በተጎጂው ወይም በወራሾቹ ጥያቄ መሠረት፣ ካሣ እንዲከፈል ሊያዝ ይችላል።

እርቅ እና ‘ተናዙል’

በአማራ ክልል ደም ለማድረቅ ሽማግሌ እንደሚቀመጠው ሁሉ፣ በሱዳንም ብዙ ጉዳዮች ከፍርድ በፊት በእርቅ ያልቃሉ። ሕጉም ይህን ይፈቅዳል። የሟች ቤተሰብ ከዲያው ባነሰ ገንዘብ ሊስማማ ወይም ጨርሶ ይቅር ሊል ይችላል።

ጥንቃቄ የሚሻው ‘ተናዙል’ የሚባለው ሰነድ ነው። ትርጉሙ መብትን መተው ማለት ነው። የሚጻፈው በአረብኛ ስለሆነ ቋንቋውን ማንበብ የማይችል ሰው የአስክሬን መረከቢያ ወይም የገንዘብ መቀበያ መስሎት ሊፈርመው ይችላል። ከፈረመ በኋላ ጉዳዩን እንደገና ማንሳት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ወረቀት ከመፈረሙ በፊት የሚታመን ሰው አንብቦ ሊተረጉመው ይገባል።

ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚፈረመው የፈቃድ ቅጽ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ታካሚው በቅጹ የሚቀበለው ሕክምናውን እና የታወቁ አደጋዎቹን እንጂ የሐኪሙን ቸልተኝነት አይደለም።

ሜዲካል ካውንስል ምን ያደርጋል?

የሱዳን ሜዲካል ካውንስል ሐኪሞችን የሚመዘግብ እና የሥነ ምግባር አቤቱታዎችን የሚመረምር አካል ነው። ጥፋት ካገኘ ከማስጠንቀቂያ አንሥቶ ከሥራ እስከ ማገድ እና ከመዝገብ እስከ መሰረዝ ሊደርስ ይችላል።

ካሣ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። ያም ሆኖ ለካውንስሉ ማመልከት ከንቱ ድካም አይደለም፤ የባለሙያዎች ግኝት ጥፋት መኖሩን ለዳኛው ለማስረዳት ጠንካራ ድጋፍ ይሆናልና።

የኢትዮጵያ ሕግስ?

በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሐኪሙ የሚገባው ግዴታ ታካሚውን ለማከም እና ለመፈወስ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ ነው። የሙያውን ደንብ ከጣሰ ይጠየቃል። ሆስፒታሉም የቀጠራቸው ሐኪሞች እና ረዳቶቻቸው በጥፋታቸው ላደረሱት ጉዳት ኃላፊ ነው።

የካሣው መርሕ ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት የሚል ነው። የወጣው ወጪ ብቻ ሳይሆን ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳትም ይሰላል። ታካሚው ከሞተ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹ እና ልጆቹ የተቋረጠባቸውን መተዳደሪያ በራሳቸው ስም መጠየቅ ይችላሉ። ዳኛው ካሣው በአንድ ጊዜ ከመከፈል ይልቅ በየጊዜው እንዲከፈል ሊወስንም ይችላል።

ሕጉ የደከመው ለሕሊና ጉዳት በሚሰጠው ካሣ ላይ ነው። 1 ሺህ ብር በ1952 ዓ.ም. ከፍተኛ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ልጇን ላጣች እናት የሐዘን መግለጫ ለመሆን እንኳ አይበቃም። በዚህ ረገድ በየጊዜው እንዲከለስ የተተወው የሱዳኑ የግመል ልኬት፣ በብር ተቆርጦ ከቀረው የኢትዮጵያ ጣሪያ ይልቅ የዋጋ ንረትን የመቋቋም ዕድል አለው።

ሌላው አሳሳቢ ነጥብ ይርጋ ነው። ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነት የሚቀርብ የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነ እና የወንጀል ሕጉ የበለጠ ጊዜ ከሰጠ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል። በውል ላይ ለተመሠረተ ክስ ደግሞ አጠቃላዩ ይርጋ 10 ዓመት ነው። ስለዚህ ጠበቃው ክሱን በየትኛው መሠረት ላይ እንደሚያቆመው የጉዳዩን ዕጣ ሊወስን ይችላል።

ጥፋተኛ ሳይፈለግ የሚከፈል ካሣ

በሁለቱም አገሮች ተጎጂው የሐኪሙን ጥፋት ማስረዳት ይጠበቅበታል። ይህ ሸክም ለብዙዎች ከባድ ነው፤ የሕክምናውን ምሥጢር የሚያውቀው የሚከሰሰው ወገን ነውና። አንዳንድ አገሮች በዚህ ምክንያት ሌላ መንገድ መርጠዋል። ኒውዚላንድ በ1974 በሥራ ላይ ባዋለችው ሥርዓት፣ ሕክምና ጉዳት ያደረሰበት ሰው ሐኪሙን ሳይከስ ከመንግሥት የአደጋ ካሣ ተቋም ይካሳል። ስዊድንም ከ1975 ጀምሮ የታካሚዎች መድን አላት። ሳዑዲ ዓረቢያ በአንጻሩ የዲያን ሥርዓት ጠብቃ፣ ሐኪሞች የሙያ ኃላፊነት መድን እንዲገቡ በሕግ አስገድዳለች።

ጦርነቱ እና የጠፋው ማስረጃ

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ የተቀሰቀሰው ጦርነት የከተማዋን የጤና ተቋማት አሽመድምዷል። ሆስፒታሎች ተደብድበዋል፣ ተዘርፈዋል፣ ሠራተኞቻቸውም ተሰደዋል። በደቡብ ካርቱም በሚገኘው በሻየር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በተደጋጋሚ ጥቃት ምክንያት ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን ለማቋረጥ ተገዷል። የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ የተቆጣጠረው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ዳኛ የሐኪምን ጥፋት የሚመዝነው ሐኪሙ በነበረበት ሁኔታ ነው። መብራት እና ማደንዘዣ በሌለበት የተደረገ ቀዶ ሕክምና በሰላም ጊዜ መለኪያ አይፈረድም። ከጦርነቱ በፊት ለደረሰ ጥፋት ግን ጦርነቱ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ዋናው መሰናክል የሕክምና መዛግብት ከሕንጻዎቹ ጋር መጥፋታቸው ነው።

የሆስፒታሉ መዝገብ ከሌለ በታካሚው እጅ የቀረው ወረቀት ብቸኛው ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የመድኃኒት ማዘዣ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የራጅ ፊልም፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ ከሆስፒታል የመውጫ ወረቀት እና የሞት የምስክር ወረቀት መጠበቅ አለባቸው፤ በስልክ ፎቶ ተነሥተው ለዘመድ ቢላኩ ደግሞ ይበልጥ ይጠበቃሉ። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ሌላ ሐኪም የጻፈው የምርመራ ውጤት እና በቦታው የነበሩ ምስክሮች ስምም ዋጋ አላቸው።

ሟቹ በካርቱም፣ ቤተሰቡ ደግሞ በኢትዮጵያ ከሆነ፣ ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው በካርቱም ለሚከራከርላቸው ሰው ውክልና መስጠት ይኖርባቸዋል። ሰነዶቹ ሱዳን ውስጥ ተቀባይነት እንዲያገኙ በኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እና በሱዳን ኤምባሲ መረጋገጥ እንዲሁም ወደ አረብኛ መተርጎም ያስፈልጋቸዋል። ይህ ሁሉ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ቤተሰቡ ሐዘኑን እስኪወጣ ሳይጠብቅ ወረቀቱን ከወዲሁ ቢጀምር ይመረጣል።