«ዲውቲ ፍሪ» ሲሏችሁ «ስንት ግራም ነው?» በሉ

«ቀረጥ የለውም» የምትለዋ ቃል የሐበሻን ልብ ታቀልጣለች። አይፈረድብንም። ቦሌ ጉምሩክ ፊት ሻንጣውን ከፍቶ የቆመ ሰው ቀረጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ አንድ ሱቅ በሩ ላይ «ዲውቲ ፍሪ» ብሎ ሲለጥፍ እኛ «በግማሽ ዋጋ» ብለን እናነበዋለን። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ቀረጥ ከዕቃው ዋጋ ላይ አንዷ ቁራጭ ናት። እሷ ብትነሳም የሱቅ ኪራይ አለ፣ የሻጩ ኮሚሽን አለ፣ የባለቤቱ ትርፍ አለ። ቀረጡ የቀረለትን ዕቃ አስወድዶ የሚሸጥ ነጋዴን ደግሞ ማንም አይከለክለውም።

ይህን በደንብ ያየሁት ካሪቢያን ባህር ውስጥ፣ የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ከሚባሉት አንዷ በሆነችው በሴንት ቶማስ ነው። ከተማዋ ሻርሎት አማሊ ትባላለች፤ በአንዲት የዴንማርክ ንግሥት ስም መሆኑ ነው። ዴንማርክ ደሴቶቹን በ1917 እ.ኤ.አ. በ25 ሚሊዮን ዶላር ወርቅ ለአሜሪካ እስክትሸጥ ድረስ ሴንት ቶማስን ነፃ ወደብ አድርጋ ስትነግድባት ነው የኖረችው። ዛሬም ደሴቲቱ የአሜሪካ ግዛት ትሁን እንጂ ከአሜሪካ የጉምሩክ ክልል ውጭ ናት። በሽርሽር መርከብ ጠዋት ገብቶ ማታ ለሚወጣው መንገደኛ ሁሉ ገበያ የሆነችውም ለዚህ ነው።

ሄቨንሳይት ከሚባለው ወደብ እስከ መሀል ከተማ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ የባህሩን ዳርቻ ይዞ መሄድ ብቻ። ጎኑ ክፍት የሆነ ታክሲም አለ፤ በሰው ሒሳብ ያስከፍላል። እኔ በእግር እመርጣለሁ። ግን አደራ! እዚያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ መንገድ ስታቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ቀይ ቀለም የተቀባው የዴንማርኮች ምሽግ ጋ ስትደርሱ ገበያው ደርሷል። ከአጠገቡ በድንኳን ሥር ቲሸርትና ቦርሳ የሚሸጡ አሉ። ከዚያ ዋናው መንገድ ይጀምራል፤ ጠባብ ነው፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው የድሮ መጋዘኖች ግራና ቀኝ ተደርድረውበታል። ዱሮ ስኳርና ሮም ይከማችባቸው የነበሩት ቤቶች አሁን አልማዝ በአልማዝ ሆነዋል። ሱቅ ስትገቡ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ጉድ ሞርኒንግ» በሉ። የአገሩ ሰው ሰላምታ የሌለው ጥያቄ አይወድም። ለእኛ ይኼ አዲስ አይደለም፤ ግን በችኮላ ይረሳል።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከመርከብ ከመውረዳችሁ በፊት ካርታ ይሰጣችኋል። «እነዚህ የምንመክራቸው ሱቆች ናቸው» ይባላል። ካርታው ላይ የሚወጡት ሱቆች ለዚያ ቦታ የሚከፍሉ ናቸው። ማስታወቂያ ነው ማለት ነው። ክፋት የለውም፤ ግን ማስታወቂያን እንደ ዘመድ ምክር መስማት አያዋጣም። «ነፃ ስጦታ» የሚሉት ትንሿ የእጅ ጌጥም አስገብታ የምታስቀምጥ ናት። ውሰዱና ውጡ፤ ማንም አይዛችሁም።

አብራኝ የነበረችው ልጅ ዋሺንግተን አካባቢ ሁለት ሥራ የምትሠራ ናት። ለታናሽ እህቷ ሠርግ የወርቅ ሐብል ልትገዛ 1 ሺህ 200 ዶላር ይዛለች። ያ ብር ስንት ቅዳሜና እሑድ እንደፈጀ እኔ አውቃለሁ። አንዱ ሱቅ ውስጥ ሻጩ ቀጭን ሐብል አንገቷ ላይ አደረገላት። መስተዋት መጣ፣ ቀዝቃዛ ውሃ መጣ። ዋጋው 1 ሺህ 900 ነበር፤ «ለአንቺ፣ ለዛሬ ብቻ 1 ሺህ 100!» አላት። እውነቴን ነው፣ ልትከፍል ቦርሳዋን ከፍታለች። ከዚያ ምን ትዝ እንዳላት እንጃ፣ «ስንት ግራም ነው?» አለችው።

ሰውዬው ሳቀ። «እኛ በግራም አንሸጥም።»

«እሱን ለኔ ተወው። መዝንልኝ» አለች። ልጅቷ ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ደጃፍ ያደገች ናት።

አምስት ግራም፣ 14 ካራት ሆነ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ እናንተም ያዙት። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው። 14 ካራት ማለት ከመቶው 58 ተኩል ያህሉ ብቻ ወርቅ፣ የቀረው ሌላ ማዕድን ነው፤ ዕቃው ላይ 585 የሚል ማኅተም ይኖረዋል። 18 ካራት 750፣ 21 ካራት ደግሞ 875 ይላል። የዓለም ገበያ የወርቅን ዋጋ የሚናገረው በአውንስ ነው። ያንን ለ31.1 ስታካፍሉት የአንድ ግራም ዋጋ ይወጣል። እሷ ስልኳ ላይ አሰላችው። በአምስቱ ግራም ውስጥ ያለው ወርቅ ሦስት ግራም እንኳ አይሞላም፤ ዋጋውም ከተጠየቀችው ከግማሽ በታች ነው። የእጅ ሥራ ይከፈላል፣ ሱቁም ማትረፍ አለበት፤ ይሁን። ግን ከወርቁ በላይ ለወሬ መክፈል ምን ይሉታል?

በሩ ጋ ስንደርስ «900!» አለ። ደረጃው ላይ «750!»። «መርካቶ መሰለኝ እኮ!» ብላ በሳቅ ሞተች።

ሰማያዊውን ታንዛናይትንም እዚያ በየመስኮቱ ታዩታላችሁ። ይኼ ድንጋይ የጎረቤታችን ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ታንዛኒያ ውስጥ፣ ከኪሊማንጃሮ ብዙም ሳይርቅ ተገኘ፤ ከዚያ ሌላ የሚወጣበት አገር የለም። ሻጮቹ «ከአልማዝ እጅግ ብርቅ ነው፣ ነገ ያልቃል» ይላሉ። ብርቅ ነው ማለት ግን ነገ መልሳችሁ ስትሸጡት ያወጣል ማለት አይደለም። አብዛኛው ያን ሰማያዊ መልክ የሚያገኘው በእሳት ግሎ መሆኑንም ጠይቃችሁ ካልሆነ አይነግሯችሁም። ደግሞ ከአልማዝ በጣም ለስላሳ ነው። ለጆሮና ለአንገት ያምራል፤ በየቀኑ ዕቃ ለሚታጠብበት ጣት ግን አይሆንም። ለቃል ኪዳን ቀለበት ያሰባችሁ ወንዶች ልብ በሉ።

ታዲያ ምን ይረክሳል? መጠጥ። መጠጥ ላይ በየአገሩ ከባድ ግብር ስላለ፣ እሱ ሲነሳ ልዩነቱ ዓይን ይሞላል። በአሜሪካ ሕግ ዕድሜው 21 የሞላ ነዋሪ ከቨርጂን ደሴቶች ሲመለስ እስከ 5 ሊትር ማስገባት ይችላል፤ ሕጉ እዚያው ለተመረተው ያደላልና አንዱ ጠርሙስ የጎረቤቷ የሴንት ክሮይ ሮም ይሁን። ሽቶ ላይ ግን ብዙ አትጠብቁ፤ ታዋቂዎቹ ኩባንያዎች ዋጋቸውን የትም አያወርዱም። ካሜራና ሰዓት ከሆነ ዋስትናው በምትኖሩበት አገር እንደሚሠራ በጽሑፍ ያዙ። ዋናው ነገር ከቤት ሳትወጡ የምትፈልጉትን ዕቃ ዋጋ ጽፋችሁ መሄድ ነው። ያ ወረቀት ከሌለ «ቅናሽ» የሚለው ቃል ከምን እንደቀነሰ አታውቁም።

የአሜሪካ ነዋሪ ከእነዚህ ደሴቶች እስከ 1 ሺህ 600 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይዞ ይመለሳል። አንድ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ድርሻውን ማጣመር ይችላል። ነገር ግን እዚያ «ነፃ» የተባለው ዕቃ አዲስ አበባ ሲደርስም ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ የኢትዮጵያ ጉምሩክ የራሱ ሕግ አለው። ደረሰኝ አትጣሉ።

ልጅቷ ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ አንዲት ዝምተኛ አሮጊት ሻጭ አገኘች። መዛኟ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ባለ 18 ካራት የጆሮ ጌጥ ገዛች፤ ግራሙና ካራቱ ደረሰኙ ላይ ተጻፈላት። የተረፋትን ብር በዚያው ሳምንት ለሠርጉ ወጪ ወደ አገር ቤት ላከችው።

የቀረንን ሰዓት በእግር ዞርንበት። ሰዓትን በተመለከተ፦ በክረምት ደሴቲቱ ከማያሚ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ስለዚህ ስልካችሁን ሳይሆን የመርከቡን ሰዓት እመኑ። መንገዱ ላይ ሠዓሊው ካሚይ ፒሳሮ በ1830 እ.ኤ.አ. የተወለደባት ከተማ መሆኗን የሚያስታውስ ቤት አለ፤ ከፍ ብሎ ደግሞ ወለሉ አሸዋ የሆነ የአይሁድ ምኩራብ ታገኛላችሁ። የዋናው መንገድ መጨረሻ ላይ ያለው አደባባይ አሁን አትክልትና ፍራፍሬ ይሸጥበታል። ባርነት በ1848 እ.ኤ.አ. ከመቅረቱ በፊት የሚሸጥበት ሰው ነበር። ካርታው ላይ የሚመከር ሱቅ እዚያ ጋ የለም፤ ቱሪስቱም ብዙ አይደርስም። እኛ ማንጎ ገዝተን እዚያው ቆመን በላን።