ሙቀት እንደ ምንዳ፦ ስካራብ ጥንዚዛዎችና የፊሎደንድሮን ርክበ ብናኝ

ለኢትዮጵያ የሰብል ጥበቃ ተመራማሪ ስካራብ ጥንዚዛ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው፣ እሸት ማሽላን የሚያወድመው ፓችኖዳ ኢንተራፕታ ነው። ክፉ ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ሆኖም ስካራቤይዴ በተባለው በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ፣ ዕፅዋት ዘር ለመቋጠር የሚተማመኑባቸው ዝርያዎችም አሉ። የመስኩ ጽሑፎች ጥንዚዛን አበባ እያኘከ በአጋጣሚ ብናኝ የሚያደርስ ጎብኚ አድርገው ሲገልጹት ኖረዋል፤ ፊሎደንድሮን ግን ለዚህ አገላለጽ አይመችም።

ፊሎደንድሮን የጎደሬ ዘመድ የሆነ የአሜሪካ ሞቃታማ አካባቢ ተክል ነው። ጥቃቅን አበቦቹ በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው በሰፊ ቅጠል ይጠቀለላሉ፤ ሴቴዎቹ ከግርጌ፣ ወንዴዎቹ ከላይ፣ በመካከላቸውም ብናኝ የማይሰጡ መካን አበቦች ይገኛሉ። ሲመሽ ቅጠሉ ይከፈታል፤ ዘንጉ ከአካባቢው አየር በላይ ሞቆ ሽታውን ይበትናል። ሳይክሎሴፋላ የተባሉት ጥንዚዛዎች ሽታውን ተከትለው ይገቡና ከሌላ አበባ ያመጡትን ብናኝ፣ በዚያች ሌሊት ለመቀበል በተዘጋጁት ሴቴዎች ላይ ያራግፋሉ። እዚያው እየተመገቡና እየተራቡ ያድራሉ። ከሚመገቧቸው ዋነኞቹ መካኖቹ ናቸው፤ ዘር የሚይዘው ክፍል ለጥቃት እምብዛም አይጋለጥም። በማግስቱ ምሽት ወንዴዎቹ ብናኝ ሲለቁ፣ ጥንዚዛዎቹ ተለውሰው ይወጣሉ።

ሙቀቱ ለረጅም ጊዜ የሽታ ማሰራጫ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሮጀር ሲሞር፣ ክሬግ ዋይትና ማርክ ዢበርኖ ግን በፈረንሳይ ጊያና ያጠኑትን በ2003 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ሲያወጡ ሌላ ትርጉም ሰጡት። ሳይክሎሴፋላ ሌሊት ለመንቀሳቀስ ሰውነቱን ከውስጥ ማሞቅ አለበት፤ ይህም ብዙ ኃይል ይፈጃል። በመለኪያቸው መሠረት፣ ንቁ ጥንዚዛ ከአበባው ውጪ የሚያወጣው ኃይል በውስጡ ሳለ ከሚያወጣው ከ2 እስከ 4.8 እጥፍ ይበልጣል። ተክሉ እንግዳውን የሚያስተናግደው በምግብ ብቻ ሳይሆን በማገዶም ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

የማሽላው ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ማሽላ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ የሚራባ ሰብል ነው፤ ፓችኖዳ የሚበላውም ፍሬውን ራሱን ስለሆነ በምላሹ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ስለዚህ አንድን ጥንዚዛ ለመመዘን አበባ ላይ መገኘቱ አይበቃም፤ የትኛውን ክፍል እንደሚበላ፣ ብናኙ በየትኛው አካሉ ላይ እንደሚጣበቅና ጎብኚ የተከለከለ አበባ ምን ያህል ዘር እንደሚይዝ መታየት አለበት። እንደ ፊሎደንድሮን ባለ ተክል ላይ ከረጢቱ መታሰር ያለበት ጀምበር ሳትጠልቅ ነው፤ ቀን ብቻ ጎብኚ የሚቆጥር ጥናት ዋናውን ሠራተኛ ሳያየው ይቀራል።