ስኳር ያለበት ጾመኛና የነርሷ ስልክ



ረመዳን ሲቃረብ ወደ መስጊድ ከሚመጡልን ጥያቄዎች መካከል የስኳር ሕመምተኞች ጉዳይ ብዙ ነው። የሚጠይቁን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጆቻቸው ናቸው። እናት ኪኒናቸውን ዘለው ይጾማሉ። ከዐስር ሶላት በኋላ ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ «ጾሙ ነው» ብለው ዝም ይላሉ። እኛ ግን ይህ ዝምታ ያስፈራናል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 በ13 አገሮች በተደረገ ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ካለባቸው ሙስሊሞች 79 በመቶ ያህሉ ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። በእነሱ ላይ ከባድ የስኳር መውረድ በረመዳን ከሌላው ወር ከ7 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 184 እና 185 ለታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። ማውጣት የማይችል ፊድያ ይሰጣል። ታዲያ ማን ነው የሚጾመው፣ ማንስ ነው የሚያፈጥረው? ዑለማዎቻችን ይህን የሚያስሩት በታማኝና በአዋቂ ሐኪም ቃል ላይ ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ራሱ የቆሰለ ሰው «ፈቃድ የለህም» ተብሎ ታጥቦ ሞተ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሳያውቁ የፈረዱትን፣ ለምን አልጠየቁም ብለው አጥብቀው ገሠጹ። ስለዚህ ስለ ስኳር ልክ የምንጠይቀው የሕክምና ባለሙያውን ነው።

በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠራበት የስልክ የነርስ ክትትል ለዚህ ይመቻል። ሕመምተኛው ቤቱ ሆኖ ጣቱን ወግቶ ይለካል፤ ቁጥሩን በደብተር ይጽፋል ወይም ፎቶ አንስቶ ይልካል። ነርሷ በቀጠሯት ሰዓት ትደውላለች፦ ሱሁር ላይ ምን በሉ? ኢፍጣር ላይ ሳምቡሳው ስንት ነበር? ቁጥሩ ካላማራት ሐኪሙን አማክራ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ታስተካክላለች። በራስ ፈቃድ ኢንሱሊን መቀነስ ወይም መተው ግን አይገባም። እንዲህ ያለ አገልግሎት በአቅራቢያችሁ ከሌለ፣ በክትትል ቀን ነርሷን «በረመዳን በየትኛው ሰዓት ልደውል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝግጅቱ ከረመዳን ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ ቢጀመር ይመረጣል።

«ጣት መውጋት ጾም ያፈርሳል» የሚሉ አሉ። አያፈርስም። ጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1997 ባደረገው ጉባኤ፣ ለምርመራ ደም መስጠትም ሆነ ምግብነት የሌለው መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ኢንሱሊንም እንደዚሁ ነው።

ልኩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ይፈታ፤ መግሪብ ሊገባ ሩብ ሰዓት ቢቀረውም ይፈታ። የወረደበት ሰው ወዲያው ስኳር ያለው ነገር ይጠጣ፤ ከዚያ ይደወል። የወጣበት ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ይደውል።

አንዳንድ አባወራዎች «ባዕድ ወንድ ነርስ ባለቤቴን በስልክ ያነጋግራት?» ይሉናል። ለሕክምና ጉዳይ ችግር የለውም፤ ቅር ካላችሁ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋችሁ አብራችሁ ስሙ። ቁጥሩንም እናንተ ጻፉላት።