ሳይመለስ የሚበላ ዕዳ

ኮምቦልቻ ውስጥ ባንክ ተሰልፌ ሳለሁ ከፊቴ የነበሩት እናት የሐዋላ ቁጥር የተጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት ደጋግመው ይገላልጡ ነበር። ላኪዋ ኩዌት ሰው ቤት የምትሠራ ልጃቸው ናት። ብሩን ተቀብለው ግን ቦርሳቸው ውስጥ አልከተቱትም፤ በር ላይ ለሚጠብቃቸው ሰው ሰጡት። ሰውየው ቆጠረ፣ ጥቂት መለሰላቸውና ሄደ።

«ልጄ ለኔ መሰለህ እምትሠራው? ለአራጣው ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ አልለቀቀኝም።

የውጭ አገር ሥራ ሥምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የመድኅኑን ወጪ የሚጥለው በአሠሪው ላይ ነው። ለሠራተኛዋ የሚቀረው የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የመሳሰለው ነው። ታዲያ ዕዳው ከየት መጣ? እናትየዋን ጠየቅኋቸው።

«ደላላው ትወጣልሻለች አለኝ። በሬ ሸጥሁ፣ አልበቃም። ማሳዬን የእኩል ሰጠሁ፣ አሁንም አልበቃም። አራጣ ገባሁ። በሬ ቢሆን ሣር ይበላል፤ ይሄ ግን ሌሊትም ይበላል ልጄ።»

አራጣ በወንጀል ሕጋችን የተከለከለ ነው። ይህንኑ ይዤ አንድ የሥራ ጉዳይ ኃላፊ ዘንድ ሄድሁ። «ስብሰባ አለብኝ፣ ደውልልኝ» አሉ። ደወልሁ፤ አላነሡም።

የዚህ ዕዳ ገመድ ሌላኛው ጫፍ ባሕር ማዶ ነው። ዛሬ ከፋላ የሚባለው፣ የሠራተኛን መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪ ጋር የሚያስረው አሠራር ከመምጣቱ በፊት የባሕረ ሰላጤው ሀብት ነዳጅ ሳይሆን ዕንቁ ነበር። ጠላቂው ባሕር ከመውረዱ በፊት ከጀልባው አለቃ፣ ከነኾዳው፣ ለቤተሰቡ ቀለብ ቅድሚያ ክፍያ ይወስዳል። የወቅቱ ዕንቁ ብድሩን ካልሸፈነ ዕዳው ለከርሞ ይተላለፋል፤ ጠላቂው ከሞተም ልጁ ይወርሰው ነበር። ባሕሬን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለጠላቂዎች የሒሳብ ደብተር እንዲያዝ ተደነገገ። በ1932 ግን ራሳቸው ጠላቂዎቹ ዐመፁ፤ ቅድሚያው አነሰብን ብለው። መጀመሪያ ሳነበው ገርሞኝ ነበር። እኚህን እናት ካየሁ በኋላ አልገረመኝም፤ እሳቸውም አራጣውን የሰጣቸውን ሰው ያመሰግኑታል።

የጃፓን ሰው ሠራሽ ዕንቁና ነዳጁ ጠላቂነትን አስቀሩት። በነኾዳው ቦታ «ከፊል» የሚባለው አሠሪ ቆመ። መኖሪያ ፈቃዷ በእሱ ስም ላይ ስለተንጠለጠለ ሠራተኛዋ ያለፈቃዱ ከቤት ብትወጣ «ጠፍታለች» ተብላ ትከሰሳለች። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ የሳምንት ዕረፍት ፈቅዳ፣ የቀን ሥራን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስናለች፤ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝም ከልክላለች።

«የልጅዎ ፓስፖርትስ?»

«ማዳሟ ጋ ነው አለችኝ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ። ቁልፉን አንገቷ ላይ ነው እምታንጠለጥለው።»

ትመለስ እንደሆን ጠየቅኋቸው።

«ምን ይዛ? በሬው የለ፣ ማሳው የሰው።»

ታናሽየዋ ትምህርት አቋርጣለች። ደላላው ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ቡና ጠጥቶ ሄዷል።