ሉቭር በአንድ ቀን

የፓሪሱ ሉቭር በዓለም ላይ ከማንኛውም የሥነ ጥበብ ሙዚየም የበለጠ ጎብኚ የሚያስተናግድ ነው። በ2018 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ገብቶበታል። ለእይታ የቀረቡት ሥራዎች ወደ 35,000 ይጠጋሉ። ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶ፣ በሩ ከሚከፈትበት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከሚዘጋበት 12 ሰዓት ያለ ዕረፍት ቢታዩ እንኳ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃሉ። ሉቭርን አይቶ መጨረስ አይቻልም፤ የጎብኚው ሥራ ምን እንደሚያልፍና የቱ ጋ እንደሚቆም መወሰን ነው።

ሕንፃው ራሱ ለሙዚየምነት አልተሠራም። ንጉሥ ፊሊፕ አውጉስት በ1190 አካባቢ ፓሪስን ለመከላከል ምሽግ አድርገው አስገነቡት፤ የዚያ ምሽግ መሠረት ዛሬም ከምድር በታች ይታያል። ኋላ የመጡት ነገሥታት እያፈረሱና እየቀጠሉ ቤተ መንግሥት አደረጉት። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ንጉሡ በተገረሰሱ በዓመቱ፣ በኦገስት 1793፣ ለሕዝብ ተከፈተ። በግቢው መካከል የቆመው 21 ሜትር ከፍታ ያለው የመስታወት ፒራሚድ አርክቴክት አይ. ኤም. ፔይ ነድፈውት በ1989 የተመረቀ ነው። ያኔ ብዙ ፓሪሳውያን አውግዘውታል፤ አሁን የከተማዋ መለያ ሆኗል። ጎብኚው ከፒራሚዱ ሥር ወዳለው አዳራሽ ወርዶ ዴኖን፣ ሱሊና ሪሽልዩ ከሚባሉት ሦስት ክንፎች ወደ አንዱ ያመራል።

አብዛኛው ሰው የሚተምመው ወደ ዴኖን፣ ወደ ሞናሊዛ ነው። ሥዕሏ ቁመቷ 77፣ ስፋቷ 53 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት፤ በጣውላ ላይ የተሣለች ስትሆን ጥይት በማይበሳው መስታወት ተከልላለች። ጎብኚው ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ፣ በሌሎች ሞባይሎች መካከል አሻግሮ ያያትና ሳይጠግብ ቦታውን ለተረኛ ይለቃል። እንዲህ የገነነችው በሊዮናርዶ ችሎታ ብቻ አይደለም። በኦገስት 1911 ቪንቼንዞ ፔሩጃ የተባለ፣ ቀደም ሲል በሙዚየሙ የሠራ ጣሊያናዊ ሰርቋት ወጣ። ጋዜጦች ወሬዋን ተቀባበሉት፤ ተሰቅላ የነበረችበትን ባዶ ግድግዳ ለማየት እንኳ ሕዝብ ጎረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍሎረንስ ላይ ሲያዝ፣ ናፖሊዮን የዘረፈውን ለአገሩ ለመመለስ እንደነበረ ተናገረ። ተሳስቷል፤ ሥዕሏን ወደ ፈረንሳይ ያመጣት ራሱ ሊዮናርዶ ሲሆን፣ ከዚያ የንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ ንብረት ሆናለች።

የናፖሊዮን ጦር በእርግጥ የዘረፈው ሥዕል ግን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከሞናሊዛ ትይዩ ተሰቅሏል፤ ሰዉ ጀርባውን ሰጥቶት ይቆማል። በ1563 ቬሮኔዜ የሣለው የቃና ዘገሊላ ሰርግ ነው። ወደ 10 ሜትር ስፋትና 7 ሜትር ገደማ ቁመት ስላለው የሞናሊዛን ከ160 እጥፍ በላይ ይሆናል። በቬኒስ መነኮሳት ማዕድ የሚቀርቡበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ የነበረ ሲሆን፣ ወታደሮች በ1797 አውርደው ወሰዱት። ከመቶ በላይ ሰዎች ያሉበት ድግስ ነው፤ ሙዚቀኞቹ መሐል ላይ ይጫወታሉ፣ በቀኝ በኩል አንዱ ወይን ከጋን ይቀዳል፣ ከክርስቶስ ራስ በላይ ባለው ሰገነት ሥጋ ቆራጮች በግ ይበልታሉ። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል እርሱ ብቻ ተመልካቹን ፊት ለፊት እያየ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። በአንድ ክፍል አንድ ሥዕል ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ጎብኚ ፊቱን ወደዚህኛው ቢያዞር የሚከፋ ምርጫ አይሆንም።

ዕቃው እንዴት እዚህ ደረሰ ብሎ መጠየቅ ከዝነኞቹ ዝርዝር የተሻለ መሪ ነው። ረጋ ባለው የሪሽልዩ ክንፍ የሚገኘው፣ የሐሙራቢ ሕግ የተቀረጸበት ጥቁር ድንጋይ በባቢሎን ግዛት የቆመ ነበር፤ የኤላም ንጉሥ ማርኮ ወደ ሱሳ ወሰደው፣ ፈረንሳውያን በ1901 እና 1902 ከዚያ ቆፍረው አወጡት። ሁለት ጊዜ ተሰዷል ማለት ነው። በዴኖን ደረጃ አናት ላይ ያለችው ራስና ክንድ አልባዋ ባለክንፍ የድል ሐውልት ደግሞ በ1863 ከግሪክ ደሴት ከሳሞትራክ ተሰባብራ ወጥታ የተገጣጠመች ናት።

ቲኬቱን ሰዓት መርጦ በኢንተርኔት አስቀድሞ መግዛት ረጅሙን ወረፋ ያስቀራል። ረቡዕና ዓርብ ሙዚየሙ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ስለሚቆይ፣ ወደ ማታ ግፊያው ይቀላል። ከ2026 ጀምሮ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ውጭ ለሚመጣ አዋቂ መግቢያው 32 ዩሮ ሆኗል፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉ በነጻ ይገባሉ። አዳራሾቹ ረጃጅም ናቸውና ምቹ ጫማ የግድ ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ መቆየትም ብዙ ጥቅም የለውም፤ ዓይን ከእግር ቀድሞ ይደክማል።

ማክሰኞ ሉቭር ዝግ ነው። የሴን ወንዝን ተሻግሮ ኤፍል ማማ አጠገብ የሚገኘው የኬ ብራንሊ ሙዚየም ግን በዚያ ቀን ክፍት ነው። የማርሴል ግሪዮል የጥናት ቡድን በ1932 ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያነሣቸው ሥዕሎች የዚህ ሙዚየም ንብረት ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ በምትካቸው የተቀበለው የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸውን ቅጂዎች ነው።