የጎንደር ጠላ ቤት

ጎንደር ሲነሳ ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው ግንቡ ነው። አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆሯት ከተማ ፋሲል ግቢን በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ አስመዝግባለች። ባላገሩ ከገበያ መልስ የሚያርፍበት ጠላ ቤት ግን የትኛውም መዝገብ ላይ የለም። ቅርስነቱ ግን ከግንቡ አያንስም።

ጠላ ቤት ማስታወቂያ አይሰቅልም። ደጃፉ ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቶ ከታየ፣ ውስጥ የሚቀዳ አለ። ቅዳሜ ገበያ እህሉን ሸጦ የሚመለስ ሰው ጣሳውን አይቶ ጎራ ይላል። መደቡ ላይ እንደተቀመጠ የጤፍ ዋጋ፣ የዝናቡ ነገር፣ የጎረቤት ሙግት ሁሉ ይነሳል። ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ከገባማ ጨዋታው ይደራል።

ሙያው የሚጀምረው ከጋኑ ነው። ጠማቂዋ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ ታጥበውና በወይራ ጭስ ታጥነዋለች፤ ጠጪው በመጀመሪያው ጉንጭ የሚያገኘው ሽታ ከዚያ የመጣ ነው። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ጥንስስ ይሆናል። ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ሲገባበት ድፍድፍ ይባላል። በመጨረሻ ውሃ ይሞላና የጋኑ አፍ ይታፈናል። ምሬቱን የሚሰጠውም፣ ጠላው ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቀውም ጌሾው ነው። መድረሱን ጠማቂዋ በአፍንጫዋና በምላሷ ታውቀዋለች። ጥሩው ተቀድቶ ሲያልቅ በአተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ ቀጭኑ ቅራሪ ይወጣል፤ የቀረው አተላ ለከብት ነው። የሚጣል ነገር የለም።

የጎንደር አካባቢ ከገብስ የሚጠመቅ ኮረፌም አለው። ኮረፌ አረፋው ሳይበርድ፣ ገና በጉሹ የሚጠጣ ስለሆነ ሩቅ መንገድ አይችልም። መቅመስ የፈለገ ወደ አገሩ መሄድ አለበት።

ይህን ሁሉ ይዘው የቆዩት ሴቶች ናቸው። ባል የሞተባት፣ ከገጠር ልጆቿን ይዛ የገባች ሴት ጠላ ሸጣ ቤተሰብ አስተዳድራለች፤ ልጅ አስተምራለች። ከጋኑ በስተጀርባም ሌሎች ሴቶች አሉ። በጎንደር ዙሪያ በሸክላ ሥራ ይታወቁ የነበሩት የወለቃና የሌሎች መንደሮች የቤተ እስራኤል ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄደዋል።

ዛሬ ዳሸን ቢራ እዚያው ጎንደር ይጠመቃል፤ በብዙ ጠላ ቤትም የጋኑን ቦታ የፕላስቲክ በርሜል ወስዶታል። በርሜል ቀላል ነው፤ አይሰበርም። በወይራ ግን አይታጠንም። ስለዚህ ቅርስ መዝጋቢዎች ወደ ጠላ ቤት ጎራ ማለት ያለባቸው ጋን አጥነው የሚጠምቁት እናቶች በሕይወት ሳሉ ነው፤ የጌሾውን መጠን፣ የጭሱን ዓይነት፣ የድፍድፉን ቀን ከአንደበታቸው ሰምተው ሊጽፉት ይገባል።