ሦስት ደቂቃ ዘፈን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሙግት

መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ጅግጅጋ። ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ስምንት ሰው አንዲት ስልክ ከበን ተቀምጠናል። ስልኳ ሻህ፣ ማለትም የሶማሌ ሻይ፣ የሞላ ፔርሙስ ተደግፋለች፤ ሻህ ሊቀዳ ፔርሙሱ በተነሳ ቁጥር ትወድቅና ሁላችንም እንጮሃለን። የምናየው ከሞስኮ በቀጥታ የሚተላለፈውን የኢንተርቪዥን የዘፈን ውድድር ነው። የሞስኮና የእኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ እዚያም እዚህም እኩል መሽቷል። የኢትዮጵያ ተራ ደርሶ ነፃነት ሱልጣን መድረክ ላይ ስትወጣ፣ ባጃጅ ነጂው ጎረቤታችን ከተጋደመበት ተነስቶ ቁጭ አለ። ዘፈኑ ሲያልቅ በዕድሜ የሚበልጡን አዴር በየዘፈኑ መጨረሻ የሚጠይቁትን ጠየቁ፦ «ምን አለች?»

አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ዘመድ ያልሆነ ትልቅ ሰውም በአክብሮት የሚጠራበት ነው። እኔ ለዓመታት እንዲህ ያሉትን ውድድሮች ስከታተል ከሰማሁት ክርክር ሁሉ የእሳቸው ጥያቄ ይበልጥብኛል። ቋንቋው የማይሰማን ዘፈን ከሌላው አስበልጦ ነጥብ መስጠት እንዴት ይቻላል?

የዚህ ሁሉ እናት ዩሮቪዥን ነው። የአውሮፓ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማኅበር አንድን ዝግጅት በብዙ አገር በአንድ ጊዜ በቀጥታ ማሳየት ይቻል እንደሆነ ሊሞክር የፈጠረው ውድድር ነው። ግንቦት 16 ቀን 1948 ዓ.ም. በስዊዘርላንዷ ሉጋኖ ሲጀመር የተወዳደሩት 7 አገሮች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዘፈን አቀረቡ። አሸናፊዋም አስተናጋጇ ስዊዘርላንድ ሆነች። ቴሌቪዥን በየቤቱ ስላልገባ ያን ምሽት ብዙው ሰው የተከታተለው በሬዲዮ ነው። በአገራችን አብዮት በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የስዊድኑ አባ ያሸነፈውም በዚሁ መድረክ ነበር።

ሕጉ አጭር ነው። ዘፈኑ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። መድረክ ላይ ከስድስት ሰው በላይ አይወጣም። ዋናው ድምፅ በቀጥታ ይዘፈናል። ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ በፈለጉት ቋንቋ መዝፈን ይቻላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ፣ በሕጉ መሠረት የሚወዳደረው ዘፋኙ ሳይሆን ዘፈኑ፣ ማለትም ግጥሙና ዜማው መሆኑን ነው። እያንዳንዱ አገር ለወደዳቸው 10 ዘፈኖች ከ1 እስከ 8፣ ከዚያ 10፣ በመጨረሻም 12 ይሰጣል። ለራሱ መስጠት አይችልም። ነጥቡ በሁለት በኩል ይመጣል፤ አንዱ ከሙዚቃ ባለሙያ ዳኞች፣ ሌላው ስልክ ከሚደውለውና መልእክት ከሚልከው ሕዝብ። ፋና ላምሮት የተባለውን የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር የሚከታተል ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም።

ሙግቱ የሚነሳው ሁለቱ ነጥቦች ሲለያዩ ነው። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በሆላንዷ ሮተርዳም የጣሊያኑ የሮክ ባንድ ማኔስኪን በዳኞች ነጥብ አራተኛ ነበር። የሕዝቡ ነጥብ ሲነበብ ግን ሁሉንም አልፎ በ524 አሸነፈ። ታዲያ የተሻለው ዘፈን የቱ ነበር? ዳኞቹ የሚሰሙት የድምፅ አወጣጡን ነው ይላል አንዱ ወገን። ሕዝቡ ደግሞ ልቡ የሄደበትን ይመርጣል። እኔ ከሕዝቡ ጋር ነኝ፤ ሕዝቡ ግን ጎረቤቱንና ዘመዱን እንደሚመርጥ አልክድም። በየዓመቱ 12 ነጥብ የሚለዋወጡ ጎረቤት አገሮችን ያየ ይህን አያጣውም።

ያን ምሽት ስልኬ ላይ አፍጥጬ ያመሸሁት ግን በጣሊያን ምክንያት አልነበረም። መድረኩ ላይ በአፍሪካ ቀንድ አገሮች የተወለዱ ወላጆች ያሏቸው ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ኤደን አለነ ናት። ከኢትዮጵያ ከሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ኢየሩሳሌም የተወለደች፣ እስራኤልን በዩሮቪዥን የወከለች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ተወላጅ። መጀመሪያ የተመረጠችው በ2012 ዓ.ም. «ፍቅር ልቤ» በተባለ ዘፈን ሲሆን፣ ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ፣ ዓረብኛና አማርኛ በአንድ ላይ ይገኙበታል። አማርኛ በዚያ መድረክ ሊሰማ ጥቂት ሲቀረው ኮሮና መጣና የዚያ ዓመት ውድድር ተሰረዘ። በዓመቱ በሌላ ዘፈን ተመልሳ 17ኛ ወጣች። ያወጣችው ቀጭን ድምፅ ግን በውድድሩ ታሪክ ከተሰሙት ሁሉ ከፍተኛው ተብሏል። ሁለተኛዋ ሰንሂት ናት፤ ቦሎኛ ውስጥ ከኤርትራውያን ወላጆች ተወልዳ ሳን ማሪኖን ወከለች። የዚያች አገር ሕዝብ ብዛት ከጅግጅጋ በእጅጉ ያንሳል። 22ኛ ወጣች። እኔ ግን ሁለቱም ስም በአንድ ምሽት ሲጠራ በመስማቴ ደረቱን እንደነፋ ወላጅ ሆኜ አደርኩ።

ከአፍሪካ አገር ሆና እስከ ዛሬ በዩሮቪዥን የተወዳደረችው ሞሮኮ ብቻ ናት፤ እሷም አንድ ጊዜ፣ በ1972 ዓ.ም.። ዘፋኟ ሳሚራ ቢንሰዒድ በ7 ነጥብ ከ19 አገር 18ኛ ስትወጣ ሞሮኮ ዳግመኛ አልተመለሰችም። ሳሚራ ግን በዓረቡ ዓለም ትልቅ ዘፋኝ ሆነች። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማይወዳደሩ አገሮች ተመልካቾችም በኢንተርኔት ድምፅ መስጠት ይችላሉ፤ የሁላቸውም ተደምሮ እንደ አንድ አገር ይቆጠራል። ክፍያው በባንክ ካርድ በመሆኑ ለብዙዎቻችን አይመችም። የፍጻሜው ምሽት በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ወደ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይዘልቃል፤ በርጫ ላይ ለመረቀነ ሰው ይህ ምንም አይደለም።

ፖለቲካውን መዝለል አይቻልም። ሩሲያ በ2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ከዩሮቪዥን ተባረረች፤ በዚያው ዓመትም ዩክሬን በሕዝብ ድምፅ ብዛት አሸነፈች። በጋዛ ጦርነት ምክንያት ደግሞ እስራኤል ትቆይ ስለተባለ ስፔን፣ አየርላንድ፣ ሆላንድ፣ ስሎቬኒያና አይስላንድ ከ2018ቱ ውድድር ራሳቸውን አገለሉ። እኛ ግቢ ውስጥ ይህ ጉዳይ ሲነሳ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ኤደንን የሚወድ ሰው ጭምር ጋዛን አንስቶ ይቆጣል። ሁለቱም ስሜት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል እዚያ አይቻለሁ።

ሩሲያ በበኩሏ ከ1969 እስከ 1972 ዓ.ም. በፖላንዷ ሶፖት ይካሄድ የነበረውን የሶሻሊስት አገሮች ውድድር፣ ኢንተርቪዥንን፣ አስነሳች። ኢትዮጵያ የተጋበዘችው ወደዚህ ነው፤ ከኬንያ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከማዳጋስካርና ከግብፅ ጋር። እዚህ የሕዝብ ድምፅ የለም፤ የሚፈርዱት ዳኞች ብቻ ናቸው። ሽልማቱ 30 ሚሊዮን ሩብል ነበር። የአሜሪካ ተወካይ በመጨረሻው ሰዓት ቀረች፤ የሩሲያው ዘፋኝ ሻማንም አስተናጋጅ ስለሆንን ነጥብ አትስጡኝ አለ። አዴር ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ፤ እንግዳ ጠርቶ ከእንግዳ ጋር አለመሽቀዳደም ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው።

የአዴር ጥያቄ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የሶማሊን ግጥም ማየት ያስፈልጋል። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ነው። የሶማሊኛው ግን በቃሉ መነሻ ነው፦ ገጣሚው አንድ ድምፅ ይመርጥና በየስንኙ በዚያ ድምፅ የሚጀምር ቃል ያስገባል፤ ግጥሙ መቶ ስንኝ ቢኖረውም መቶውም ላይ። አንዱ የገጠመውን ሌላው በዚያው ድምፅ ሲመልስ፣ ሦስተኛው ሲገባ፣ ሲልሲላድ ይሆናል፤ ቃሉ ከእኛው ሰንሰለት ጋር ዘመድ ነው። በ1972 ዓ.ም. ጋሪዬ የሚባለው ገጣሚ በ«ደ» ድምፅ በጀመረው ዴሌይ በተባለ ሰንሰለት ሃድራዊን ጨምሮ ከ50 የማያንሱ ገጣሚዎች ገብተውበታል። ጎሰኝነት ለአገር ያመጣው ምንድን ነው የሚለውን ተሟገቱበት። መድረክም ነጥብም አልነበረውም። ግጥሙ በካሴት እየተቀዳ፣ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ተሰማ፤ ፍርዱም ሰው በቃሉ ያጠናው የማንን ነው የሚለው ነበር።

ሌላም ሕግ አላቸው። የሰው ግጥም በቃሉ የሚያሰማ ሰው አስቀድሞ የገጣሚውን ስም ይናገራል፤ ከዚያም ቃል ሳይጥል፣ ቃል ሳይጨምር ይላል። ዩሮቪዥን ውድድሩ የዘፈኑ እንጂ የዘፋኙ አይደለም እያለ ተመልካቹ ግን የደራሲውን ስም ሳያውቅ ሲያድር፣ ይህ ሕግ ጅግጅጋ አካባቢ ሳይጻፍ ተከብሮ ኖሯል።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ነጥቡ ሲነበብ ቬትናም በ422 ነጥብ አንደኛ፣ ኪርጊዝስታን ሁለተኛ፣ ኳታር ሦስተኛ ሆኑ። አዴር አሁንም «ምን አለ?» አሉ። ባጃጅ ነጂው ስልኩን አንስቶ ፈለገና አነበበላቸው፦ የቬትናሙ ዱክ ፉክ የዘፈነው በአገሩ ተረት ላይ ነው። እስከ ሦስት ዓመቱ ያልተናገረ ሕፃን ወራሪ ሲመጣ በድንገት ገዝፎ፣ በብረት ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ቀርከሃ ነቅሎ ተዋጋ። አዴር ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ «እንግዲያማ ይገባዋል» አሉ።

ከዚህ በኋላ የተነሳው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ቬትናም በተረቷ ካሸነፈች፣ ቀጣዩ ውድድር ደግሞ ከባሕሩ ማዶ ሳዑዲ ዓረቢያ ከሆነ፣ ኢትዮጵያ በሶማሊኛ ዘፈን ለምን አትሄድም? እኔ መሄድ አለባት ባይ ነኝ። ዳንቶ ከዚሁ ክልል የወጣ ጭፈራ ነው፤ ጭብጨባው ብቻውን ቋንቋ የማያውቅ ሰው ያስነሳል። ባጃጅ ነጂው ግን ዳንቶ ረጅም ነው፣ ሦስት ደቂቃ ውስጥ አይገባም አለ።

አዴር ምንም አላሉም። ሻሃቸውን አስቀመጡና ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ተቀበሏቸው፤ ከጓዳ የሴቶች ድምፅ ተጨመረ። ባጃጅ ነጂው በስልኩ ሰዓት ያዘ። ሲጨርሱ ስልኩን ወደ እኛ አዞረ፦ ሦስት ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ። ከየትኛው ስንኝ ላይ 11 ሴኮንድ እንደሚቀነስ ስንነጋገር የካራማራ ተራራ ጎን ነጣ።